የሚራመደው ጭራሮ

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ነው። በጎንደር ከቁስቋም በታች ባለው ሰፈራችን እትዬ ለጠላ የሚሆን ጌሾ ሊቀጥፉ ወደ ጓሮ ገቡ። እትዬ የምላቸው አንድ አጥር የሚለየን ጎረቤቴ ናቸው። ቅርንጫፉን ጎንበስ አድርገው ቅጠሉን በሁለት ጣታቸው እየላጡ ወደ ሰፌዱ ይጥላሉ። ከአረንጓዴው ቅጠል መካከል አንዲት የደረቀች ጭራሮ ተገትራለች። ከቅጠሉ ጋር እንዳትደባለቅ ብለው ሊቀነጥሷት ያዟት። ጭራሮዋ ግን አልተሰበረችም፤ በጣታቸው መካከል ለስለስ ብላ ተጣጠፈች።

«በስመ ሥላሴ! መምህር፣ ና እስቲ! ይህ እንጨት ነፍስ አለው!»

እኔ ስደርስ ጭራሮዋ ተመልሳ ቀጥ ብላ ነበር። ርዝመቷ ከትንሿ ጣቴ አይበልጥም፤ ውፍረቷ የክብሪት እንጨት ያህል ነው። መልኳ ዝናብና ፀሐይ የተፈራረቁበት የአጥር እንጨት ዓይነት፣ ግራጫ የተቀላቀለበት ቡናማ ነው። መሃል አካባቢ ቅጠል የረገፈበትን ቦታ የምትመስል እብጠት አለቻት። ጫፏ ላይ ደግሞ ገና ያልፈካ እንቡጥ የሚመስል ነገር አለ። ይበልጥ የገረመኝ ግን አቋቋሟ ነው፤ ከግንዱ ወጣ ያለችበት ማዕዘን የእውነተኞቹ ቅርንጫፎች ማዕዘን ነው። ዝቅ ብዬ በብርሃን አቅጣጫ ስመለከት ከእንቡጧ ወደ ላይኛው ቅርንጫፍ የተወጠረ፣ ከፀጉር የቀጠነ የሐር ክር አየሁ። ክሩ ምርኩዟ ነው። ያለ እሱ ያን ሁሉ ሰዓት ተገትሮ መዋል ያደክማል።

ጭራሮዋ ትል ናት፤ የአንዲት የእሳት እራት ልጅ። አብዛኞቹ የቢራቢሮና የእሳት እራት ትሎች ከሆዳቸው በታች አምስት ጥንድ የሥጋ እግር አላቸው። የዚህ ቤተሰብ ትሎች ግን ከኋላ ያሉት ሁለት ጥንዶች ብቻ ቀርተውላቸዋል። ስለዚህ ሲሄዱ ጀርባቸውን እንደ ቀስት አጉብጠው ኋላቸውን ወደ ፊታቸው ይስቡና እንደገና ይዘረጋሉ፤ ጨርቅ በስንዝር የሚለካ ሰው እጅ ይመስላሉ። የሳይንስ ስማቸውም ከግሪክ የመጣ ሲሆን «መሬት ለኪ» ማለት ነው። መሃላቸው ላይ እግር አለመኖሩ ነው እንጨት ለመምሰል ያመቻቸው፤ እግር የተደረደረበት እንጨት የለምና።

እትዬ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰሙና አንድ ጥያቄ ጠየቁ። ጥያቄያቸው ከማብራሪያዬ ሁሉ የተሻለ ነበር። «እሺ፣ እኔስ ዓይኔ ደክሟል። እነዚህ ዶሮዎች ግን ቀኑን ሙሉ እዚሁ ጌሾ ሥር ሲጭሩ ነው የሚውሉት። እንዴት አላዩትም?»

ምናልባት አይተውታል። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በከተራ ዕለት ታቦታቱ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ያለውን ሕዝብ ያየ ሰው የመጀመሪያውን ዓይነት ማምታታት በቀላሉ ይረዳል። ሁሉም ነጭ ለብሷል። ነጭ ነጠላ ያጣፋች ልጅ ከእናቷ እጅ ብታመልጥ እናትየዋ አሥር ጊዜ በልጇ ላይ ዓይኗን አሳልፋ ላታያት ትችላለች። ልጅቷ የተሸሸገችበት ነገር የለም፤ የእናትየዋ ዓይን ከሕዝቡ ለይቶ ሊያወጣት አልቻለም እንጂ። በሣር መካከል ያለ አረንጓዴ ፌንጣ፣ በአፈር ላይ የተኛች አፈርማ ወፍ የሚያደርጉት ይህን ነው። ይህንን መሰወር እንበለው። የሚሠራው ዙሪያው ሲመሳሰል ብቻ ነው፤ ፌንጣውን ነጭ ወረቀት ላይ ብታስቀምጡት አበቃለት።

ሁለተኛው ዓይነት ከዚህ ይለያል። የእትዬ ትል ቡናማ ናት፤ ቅጠሉ አረንጓዴ ነው። ቀለሟ ከዙሪያዋ ጋር አይሄድም፤ እትዬም ገና ከሩቅ አይተዋታል። አይተው ግን «ጭራሮ» ብለው ስም አወጡላት። ይህን መምሰል እንበለው። በመሰወር ጊዜ ችግሩ ዓይን ላይ ነው፤ በመምሰል ጊዜ ግን ዓይን ሥራውን በትክክል ሠርቶ ስም የሚያወጣው አእምሮ ይሳሳታል። እዚህ ላይ የእኛው ተረት ይረዳናል፦ «እባብ ያየ በልጥ በረየ።» ልጡን ያላየው ሰው አይበረይም። ልጡን አይቶ፣ ከቀድሞ ልምዱ ተነሥቶ እባብ ነው ብሎ ነው የሚዘለው። ወፏ የዚህ ተገላቢጦሽ ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ ልጥ ስላየች እባቡንም ልጥ ነው ብላ ታልፈዋለች።

ይህ ጥሩ ይመስላል፤ ግን በምን ይረጋገጣል? ዶሮ «አላየሁም» ወይም «አየሁ፣ ግን እንጨት መሰለኝ» ብላ አትናገርም። ከውጭ ሲታይ ሁለቱም አንድ ናቸው፦ ትሉ አልተበላም። ሳይንቲስቶች ከመቶ ዓመት በላይ ስለ እነዚህ እንስሳት ሲጽፉ ኖረው ሁለቱን የሚለይ ሙከራ ሳያገኙ ቆይተዋል። በ2010 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው) ጆን ስኬልሆርን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ አንድ ዘዴ አገኙ። መሣሪያቸው የቤት ዶሮ ጫጩት መሆኑ ለእኛ ጓሮ እንዲቀርብ ያደርገዋል።

ጫጩቶቹን በሦስት ከፈሏቸው። የመጀመሪያዎቹ አንድ እሾሃማ ቁጥቋጦ እንዳለ ተሰጣቸውና ከእንጨቱ ጋር ተላመዱ፤ እየነከሱ የማይበላ መሆኑን አወቁ። ለሁለተኛዎቹ የተሰጠው ያው ቁጥቋጦ ነበር፤ ነገር ግን እንጨቱ ሐምራዊ ክር ተጠምጥሞበት መልኩ ጠፍቷል። ሦስተኛዎቹ ምንም እንጨት አላዩም። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ጫጩት የዚያን ቁጥቋጦ ጭራሮ የሚመስል ትል ብቻውን፣ ቅጠልም ቅርንጫፍም በሌለበት ባዶ ቦታ ላይ ቀረበለት። ዙሪያው ባዶ ስለሆነ ትሉ የሚሰወርበት ነገር የለም፤ አለማየት አይቻልም። ሆኖም እውነተኛውን እንጨት የሚያውቁት ጫጩቶች ትሉን ለመንካት ዘገዩ፤ ሲነኩትም በጥንቃቄ ነበር። እንጨት የማያውቁትና ሐምራዊውን ብቻ የሚያውቁት ግን ቶሎ ነከሱት። ትሉ ያው ነው፤ ቦታው ያው ነው፤ የተለየው በጫጩቶቹ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ትዝታ ብቻ ነው። ስለዚህ የትሏ መከላከያ ግማሹ በቆዳዋ ላይ፣ ግማሹ በዶሮዋ ልምድ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። እኔ ይህን ሙከራ ባነበብኩ ቁጥር እቀናለሁ፤ ጫጩት፣ እንጨትና አንድ ጥቅል ክር ሁልጊዜ በአጠገቤ ነበሩ።

አሁን ወደ ትሏ እንመለስ፤ መምሰል ቀለም መቀባት ብቻ አይደለምና። በመጀመሪያ ቀለሙ ራሱ ከቅጠል የተለየ ነገር ነው። የቅጠል አረንጓዴነት ከክሎሮፊል ነው። የአብዛኞቹ አረንጓዴ ትሎችና ፌንጣዎች አረንጓዴነት ግን የሁለት ቀለሞች ድብልቅ ነው፤ ሰውነታቸው የሚሠራው ሰማያዊ ቀለምና ከሚበሉት ቅጠል የሚያገኙት ቢጫ። ሠዓሊ አረንጓዴ ሲያልቅበት የሚያደርገውን ነው የሚያደርጉት።

ከዚያ ቀለምን ከቦታው ጋር ማዛመድ አለ። በአውሮፓ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰባት የምትመስል ነጭ የእሳት እራት አለች። ልጇ እንደ እትዬ ትል ጭራሮ መሳይ ናት፤ በቡናማ ቅርንጫፍ ላይ ካደገች ቡናማ፣ በአረንጓዴ ላይ ካደገች አረንጓዴ ትሆናለች። በዓይኗ አይታ ይመስላል አይደል? በ2019 የወጣ ጥናት የትሎቹን ዓይን በጥቁር ቀለም ሸፈነባቸው። ያም ሆኖ ቀለማቸውን ከቅርንጫፉ ጋር አመሳሰሉ። ብርሃን የሚለየው ፕሮቲን በዓይናቸው ብቻ ሳይሆን በቆዳቸውም ውስጥ ይሠራል። በቆዳዋ የምታይ ትል! ለተማሪዎቼ ስነግራቸው አንዱ «ታዲያ ዓይን ምን ያደርግላታል?» አለኝ። መጥፎ ጥያቄ አልነበረም።

ቅርፅና ቀለም ተሟልቶም ባሕርይ ካልታከለበት ከንቱ ነው። እንጨት አይሮጥም። ስለዚህ ብዙዎቹ ቀን ተገትረው ይውሉና ሌሊት ይበላሉ። ይሁን እንጂ ፍጹም መርጋትም ያጋልጣል፤ ነፋስ ሲነፍስ ቅጠሉ ሁሉ እየተወዛወዘ አንዱ ብቻ ደርቆ ቢቆም ያስታውቃል። በአውስትራሊያ የሚገኝ አንድ እሾሃም እንጨት መሳይ ነፍሳት ነፋስ ሲነካው ሰውነቱን ከግራ ወደ ቀኝ እያወዛወዘ ከቅጠሉ ጋር ይጨፍራል። የእኛዋ እስስት አንድ እርምጃ ለመራመድ ሦስት ጊዜ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የምትንገዳገደውም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ጎኗ የተጠፈጠፈ ነው፤ ሲነፍስባት እንደ ቅጠል ናት። ስለ ቀለሟ የሚወራው ግን ተጋንኗል። እስስት የተቀመጠችበትን ሁሉ አትመስልም። በቆዳዋ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች መካከል ያለውን ርቀት እያሰፋች ወይም እያጠበበች ብርሃን የሚንጸባረቅበትን ሁኔታ ትለውጣለች፤ ይህንንም በአመዛኙ የምታደርገው ከሌሎች እስስቶች ጋር ለመነጋገርና ሙቀቷን ለመቆጣጠር ነው። «እንደ እስስት ተለዋዋጭ» እያልን የምንሰድበው ሰው ከእሷ ይልቅ አስመሳይ ሳይሆን አይቀርም።

በዚህ ጥበብ ጫፍ የደረሱት የእስያና የአውስትራሊያ ቅጠል መሳይ ነፍሳት ናቸው። ሴቷ ጠፍጣፋና ሰፊ ናት፤ የክንፏ መስመሮች የቅጠል ደም ሥር ይመስላሉ፤ ጭኗ ሳይቀር ትንሽ ቅጠል ነው። አንዳንዶቹ በጠርዛቸው ላይ ትል የበላው፣ ደርቆ የቡነነ የሚመስል ቡናማ ጥርስ አላቸው። እንከን የሌለበት ቅጠል በጫካ ውስጥ ብርቅ መሆኑን «የሚያውቁ» ይመስላል። የቅርብ ዘመዶቻቸው እንጨት መሳዮቹ ደግሞ ከ3,000 በላይ ዝርያ አላቸው፤ በቻይና የተገኘ አንድ ዝርያ እግሩ ተዘርግቶ ሲለካ 64 ሴንቲ ሜትር ደርሷል። ይህ ከእትዬ ከሰል መቆስቆሻ ይረዝማል።

እኔን ከእነሱ ይበልጥ የሚገርመኝ እንቁላላቸው ነው። እንቁላሉ ዘር ይመስላል፤ በብዙዎቹ ዝርያዎች ዘንድ ጫፉ ላይ ስብ ያለባት ትንሽ ጉብታ አለችው፤ አንዳንድ ተክሎች ጉንዳን ለመጥራት በዘራቸው ላይ እንደሚያበቅሏት ያለች። ጉንዳን እንቁላሉን እንደ ዘር ተሸክማ ጎጆዋ ታስገባለች፤ ጉብታዋን ትበላለች፤ የቀረውን ትጥላለች። እንቁላሉ ከጥገኛ ተርቦች ተጠብቆ ከመሬት በታች ይቆያል። በጃፓን በ2018 የወጣ ጥናት ደግሞ ወፍ እንቁላል ያዘለች ሴት ብትውጥ አንዳንዱ እንቁላል በወፏ ሆድ ውስጥ አልፎ ሳይሰበር ሊወጣ እንደሚችል አሳየ። ወፍ የሾላ ዘር ወስዳ በፋሲል መዋኛ ግንብ ስንጥቅ ላይ እንደምታበቅለው መሆኑ ነው። መልክን ከመዋስ አልፈው ጉዞውንም ከዕፅዋት ተውሰዋል።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሣው ጥያቄ «ይህን ልብስ ማን ለካላት፣ ማን ሰፋላት?» የሚለው ነው። ሃይማኖታዊ መልሱ የየሰው ነው፤ እኔ የምናገረው ስለ አሠራሩ ነው። ቻርልስ ዳርዊንና አልፍሬድ ራስል ዋላስ በ1858 ያቀረቡት አሳብ አጭር ነው፦ ከአንድ እናት የሚወለዱ ልጆች ጥቂት ጥቂት ይለያያሉ፤ ከልዩነቱ የተወሰነው ይወረሳል፤ ጥቂት የተሻለ ያመለጠው ጥቂት የበዛ ልጅ ይተዋል። ትሏ እንጨት ለመምሰል አስባ አታውቅም። ልብስ ሰፊዋ ወፏ ናት፤ የምትሰፋውም የማይመስሉትን በመብላት ነው።

«ግማሽ ቅጠል መምሰል ግን ምን ይጠቅማል? ግማሽ የተዘጋ በር ሌባ አያስቀርም» ይላል ጠያቂ። ወፍ ሁልጊዜ በጠራራ ፀሐይ ከስንዝር ርቀት አታይም። ሲመሽ፣ በጉም፣ በቅጠል መካከል፣ በበረራ ላይ እያለች በዓይኗ ጠርዝ ታያለች። በዚያን ጊዜ መቶኛ ያህል ቅጠል መምሰልም አንድ ቀን ዕድሜ ይጨምራል። ሒሳቡን በጎንደር እንሥራው። ዐፄ ፋሲል ከተማዋን በ1636 ከቆረቆሩ 390 ዓመት ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ ሁለት ዓይነት ትሎች በእኩል ቁጥር ነበሩ እንበል። በዓመት አንድ ትውልድ ይወለዳል፤ ትንሽ እንጨት የሚመስለው ዓይነት በየትውልዱ ከሌላው 1 በመቶ ብቻ የበለጠ ልጅ ይተዋል። እስከ ዛሬ ድረስ የመጀመሪያው ዓይነት የሁለተኛውን ወደ 48 እጥፍ ይሆን ነበር። ይህ በአንድ ከተማ ዕድሜ ነው። በጀርመን የተገኘ የቅጠል መሳይ ነፍሳት ቅሪተ አካል 47 ሚሊዮን ዓመት ሆኖታል። በቻይና የተገኘ ሌላ ነፍሳት ደግሞ ክንፉ ጊንጎ የተባለውን የጥንት ዛፍ ቅጠል ይመስላል፤ ዕድሜው 165 ሚሊዮን ዓመት ነው። አበባ የሚያብቡ ተክሎች ምድርን ከመሙላታቸው በፊት ቅጠል መምሰል ተጀምሮ ነበር።

ዋላስ ራሱ በዚህ ነገር ተንከራትቷል። በሱማትራ ደሴት አንዲት ቢራቢሮ ያሳድድ ነበር፤ የክንፏ ላይኛ ገጽ ወይን ጠጅ ሆኖ ሰፊ ብርቱካንማ መቀነት አለው። ወደ ቁጥቋጦ በበረረች ቁጥር ከዓይኑ ትጠፋለች። ከብዙ ፍለጋ በኋላ አንድ ቀን ስታርፍ አያት። ክንፏን ስትገጥም ታችኛው ገጽ የደረቀ ቅጠል ሆነ፦ መሃሉን የሚያቋርጥ ደም ሥር፣ እንጨቱን የሚነካ የቅጠል ዘንግ መሳይ ጭራ፣ ሻጋታ የነካው የሚመስል ነጠብጣብ። በ2014 የጃፓን ተመራማሪዎች የዘመዶቿን የክንፍ ንድፍ አነጻጽረው የቅጠሉ መልክ በአንድ ጊዜ ያልመጣ፣ መስመር በመስመር የተጠራቀመ መሆኑን አሳዩ። በ2022 ደግሞ የቅጠሉን ንድፍ ልዩነት ከሚወስኑት አንዱ ኮርቴክስ የተባለ ዘረመል ያለበት የዘር ክፍል መሆኑ ታወቀ። ይኸው ክፍል ነው ያችን ቁንዶ በርበሬ የመሰለች የእሳት እራት በእንግሊዝ ፋብሪካዎች ጥላሸት ዘመን ጥቁር ያደረጋት። በማንችስተር የመጀመሪያዋ ጥቁር በ1848 ታየች፤ በ1895 በዚያ አካባቢ ጥቁሮቹ 98 በመቶ ደርሰው ነበር። አንድ መርፌ ሁለት የማይመሳሰሉ ልብሶች ሰፋ ማለት ነው።

ክረምትና በጋ እንደኛ ለተለያየበት አገር ደግሞ አንድ ልብስ አይበቃም። በአፍሪካ በብዙ ቦታ፣ በኢትዮጵያም የምትገኝ፣ ሲመሽ የምትወጣ አንዲት ቡናማ ቢራቢሮ አለች። በዝናብ ወቅት የምትወለደው ክንፏ ላይ የዓይን ምስሎች አሏት፤ ወፍ ሰውነቷን ትታ እነሱን እንድትነክስ ይረዷታል። በደረቁ ወቅት የምትወለደው ግን ዓይኖቹ ከስመውባት የረገፈ ቅጠል ትመስላለች፤ በረገፈ ቅጠል መካከል ዐርፋ ትውላለች። የሁለቱም ዘረመል አንድ ነው። ምርጫውን የምታደርገው ገና ትል ሳለች ካገኛት የአየር ጠባይ ተነሥታ ነው፤ በዚያ ወቅት በሰውነቷ የሚፈሰው ሆርሞን የየትኛውን ወቅት ልብስ እንደምትለብስ ይወስናል።

ባሕር ስለሌለን ስለ አውስትራሊያው ቅጠላማ የባሕር ዘንዶ ብዙ አልልም፤ የባሕር ፈረስ ዘመድ ሆኖ መላ ሰውነቱ የባሕር ሣር የሚመስል ዓሣ ነው። ይልቅ የዛፍ ስባሪ ስለምትመስል ጉጉት ልናገር። በአገራችን ከሚገኙ ጭብጥ ከሚያካክሉ ጉጉቶች አንዷ ቀን በዛፍ ግንድ አጠገብ ትቆማለች። ሰው ሲቀርባት አትበርም፤ ሰውነቷን አቅጥና፣ የጆሮ ላባዋን አቁማ የተሰበረ ቅርንጫፍ ትሆናለች። ዓይኗን ደግሞ እንደ ክር ታጠብበዋለች። ላባዋ የቱንም ያህል ቅርፊት ቢመስል ሁለት ክብ ቢጫ ዓይኖች ያጋልጧታልና።

እስካሁን ስለሚሸሹት ተናገርኩ። መምሰል ለአዳኝም ይሠራል። በደቡብ ምሥራቅ እስያ አበባ የምትመስል፣ የፊት እግሮቿን እንደሚጸልይ ሰው አጥፋ የምትጠብቅ ነፍሳት አለች። በ2014 የወጣ ጥናት አበባ ቀሳሚዎች በአካባቢው ካሉት እውነተኛ አበቦች ይልቅ ወደ እሷ እንደሚመጡ አሳየ። በአበባ መካከል መቀመጥ አያስፈልጋትም፤ ራሷ የተሻለች አበባ ናት። በምሥራቅና በደቡባዊ አፍሪካ ደግሞ የተረቱ ልጥ በእውነት እባብ የሆነበት አለ። ቀጭን፣ ግራጫ፣ ከቅርንጫፍ ወጥቶ ደርቆ የሚቆም የዛፍ እባብ ነው፤ መርዙ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፤ ማርከሻም የለውም። ሮበርት ሜርተንስ የተባለ ታዋቂ ጀርመናዊ የእባብ ሊቅ ነበር፤ አንድ የእባቦች የመመሳሰል ዓይነት በስሙ ይጠራል። በ1975 በቤቱ ያሳድገው የነበረ እንዲህ ያለ ጭራሮ መሳይ እባብ ነክሶት፣ ከ18 ቀን በኋላ ሞተ።

የመምሰል ትልቁ ድክመት ቁጥር ነው። ጭራሮ መሳይ ትል የምትኖረው እውነተኛው ጭራሮ ከእሷ እጅግ ሲበዛ ነው። ከአሥር ጭራሮ አንዱ ትል ከሆነ ለወፏ ጭራሮን ሁሉ መሞከር ያዋጣታል፤ ከሺሕ አንዱ ከሆነ ድካሙ አያዋጣም። ይኸው የስኬልሆርን ቡድን በ2011 ጫጩቶች ትሎቹ ሲበዙ ቶሎ እንደሚነቁባቸው አሳይቷል። ለዚህ ነው እነዚህ ትሎች ተሰባስበው የማይገኙት። እኛም በእትዬ ጌሾ ላይ ሌላ ፈልገን አጣን፤ ወይም አግኝተን አላወቅነውም።

ትሏን ሊገድሏት ፈልገው ነበር፤ አንዲት ትል የጌሾ ዛፍ አትጨርስም ብዬ አስተውኳቸው። በማግስቱ ጠዋት ግን ነፋስ ይሁን የእትዬ እጅ፣ ትሏ ከቅርንጫፉ ወደቀችና በመሬት ላይ በስንዝር መለካት ጀመረች። ጭራሮ እንዲህ አይሄድም። ቀይዋ ዶሮ አንገቷን ዘንበል አድርጋ በአንድ ዓይኗ አየቻትና ለቀም አደረገቻት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያች ዶሮ ጌሾው ሥር ያገኘችውን ጭራሮ ሁሉ ትነክሳለች፤ አንሥታ ትጥላለች፤ ሌላውን ትነክሳለች። ቅርንጫፉ ላይ ዘላ ወጥታም እንቡጡን ሁሉ ታረግፍ ጀመር። እትዬ በሦስተኛው ቀን እግሯን በልጥ አሰሩት።